እትዬ አስካለና የሜሪ ጫማ

ዋኒ ሲደውልልኝ ሐዋሳ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ሰው ሠራሽ እግር እያስተማርኩ ነበር። ሳስተምር ስልክ አላነሳም፤ የጁባ ቁጥር መሆኑን ሳይ ግን እጄ ቀደመኝና አንስቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ዋኒ ጁባ ሳለሁ አብሮኝ የሠራ የባሪ ጎሳ ሰው ነው፤ ሥራው ሰው ሠራሽ እግር መግጠም ነው። አማርኛ የተማረው አብራን ትሠራ ከነበረችው ከእትዬ አስካለ ስለሆነ ከሚያውቀው ውስጥ ግማሹ ቁጣ ነው። ያን ቀን ግን ድምፁ ለስልሶብኝ ደነገጥኩ።

«ቢኒ፣ ማማ አስካለ ኸላስ» አለኝ። አለቀች ማለቱ ነው።

ወባ ነው ብላ ሦስት ቀን ቆማ ሠራች፤ በአራተኛው ወደቀች። አስከሬኗ አዲስ አበባ ሄዶ ከተቀበረ ሳምንት አልፎታል። እኔ እዚሁ አገሯ ላይ ተቀምጬ አልሰማሁም። እነ ዋኒም እንሠራበት የነበረው ወርክሾፕ ግቢ ውስጥ ድንኳን ጥለው ተቀምጠዋል፤ እጇ የነካውን እግር የሚያደርጉ ሰዎች ሁሉ መጡ፤ እርምጃዋን ለክቼላት የነበረችው ሮዳ እንኳን «ጁባ ና ባሪ» ከሚባለው ሰፈር ድረስ በእግሯ መጣች አለኝ።

«በምን ጫማ?» አልኩት።

 ሰው ሞተ ተብሎ ሲነገረው ስለ ጫማ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? ዋኒ ግን መለሰልኝ። መልሱን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ጥያቄው ለምን ከአፌ እንዳመለጠኝ ልናገር።

ጁባ የገባሁት በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋ ውስጥ ወታደሮች የተታኮሱበት የሐምሌ 2008ቱ ተኩስ ካለፈ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። የቀጠረኝ ድርጅት እግርና እጅ ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራበት ወርክሾፕ ነበረው። እኔ ኢንጂነር ነኝ፤ በዚያ ላይ በርቀት የሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ። ትምህርቱ የተሐድሶ ምሕንድስና ይባላል፤ በአጭሩ አካሉ የጎደለ ሰው የሚራመድበትን፣ የሚቀመጥበትንና የሚይዝበትን መሣሪያ መሥራት ነው። መመረቂያ ጽሑፌን እዚያው ጁባ ላይ እንድሠራ ተፈቅዶልኝ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት።

እትዬ አስካለ ግን ደረቴንም ፊቴንም አላየችም። ጎንበስ ብላ ጫማዬን አየችና «የቀኝ ታኮህ በውጭ በኩል አልቋል። ችኩል ነህ አይደል?» አለችኝ።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?» ብላት፣ «አንቱታህን ለወይዘሮዎች አስቀምጠው፤ እኔ ሠራተኛ ነኝ» ብላ ወደ ቆዳዋ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እትዬ» እያልኩ «አንቺ» እላት ነበር። እሷ ደግሞ ስሜን አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። «ኢንጂነር» ነው የምትለኝ፤ ስትለው ደግሞ ሹመት ሳይሆን የልጅነት ቅጽል ስም ይመስላል።

አጭር፣ ክንደ ወፍራም ሴት ነበረች። ወስፌዋን ሻሿ ላይ ትሰካለች፤ ሲጠፋባት ደግሞ ወርክሾፑን ሁሉ ታምሳለች፤ «ራስሽ ላይ ነው» ለማለት የሚደፍር ዋኒ ብቻ ነበር። ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ሠራሽ እግር ማሰሪያና ቀበቶ ስትሰፋ ኖራለች። ጁባ የመጣችው ከእህቷ ጋር ምግብ ቤት ልትከፍት ነው፤ ጀበል የሚባለው ገበያ ዳር ከፍተው ደህና ይሠሩም ነበር። የሐምሌው ተኩስ ጀበልን ሲያምሰው ምግብ ቤታቸው ተዘረፈ፤ በሩን ሳይቀር ነቅለው ወሰዱት። እህቷ አገሯ ገባች። እሷ ወስፌዋን ይዛ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመችና «ቆዳ የሚሰፋ አላችሁ?» አለች፤ አልነበራቸውም።

ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም ብል ትንሽ ነው የዋሸሁት፤ አንድ ቀን አይቻታለሁ፤ እመለስበታለሁ። ቆማ ትሰፋለች፣ ቆማ ትበላለች፣ ከጀበል ወርክሾፑ ድረስም ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳትይዝ በእግሯ ትመጣለች። ሞተሩ ላይ መቀመጥ ራሱ ያናድዳት ነበር። ቁጭ በይ ስንላት «ስቀመጥ ነገር ትዝ ይለኛል» ትለናለች። ምን ትዝ እንደሚላት ጠይቀናት አናውቅም።

ሰውን የምታውቀው በጫማው ነው። «ሰው ፊቱን ያሳምራል፤ ጫማው ግን ሐሜተኛ ነው» ትላለች። አንድ ቀን አንድ ወታደር የነበረ ሰው ሰው ሠራሽ እግሩ እንደማይመቸው ሊነግረን መጣ። እኔ ኮምፒውተሬን ስከፍት እሷ ጫማውን አውልቃ ገለበጠችና «በሽተኛው እግርህ ደህናው ነው፤ ሸክሙን ሁሉ እሱ ላይ ጥለህበታል» አለችው። ሰውየው ሳቀ፤ ልክ ነበረች። እኔ ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰዓት ለክቼ ነበር የምደርስባት፤ ተናደድኩባት ማለት ይቻላል።

ጥናቴ ቀላል ነው። ሰው ሠራሽ እግር ሲገጠም የተቆረጠው እግር የሚገባበት ቀፎ፣ ዘንጉና ጫማ የሚያጠልቀው የላስቲክ እግር ምን ያህል ዘንበል ብለው መያያዝ እንዳለባቸው የሚወሰንበት መንገድ አለ። እኔ በርካሽ ዕቃ፣ በስልክ ካሜራ ብቻ የሚሠራ አዲስ መንገድ አወጣሁ። በዚያ መንገድ እግራቸው የተስተካከለላቸውን አሥራ አምስት ሰዎች ሲሚንቶው ላይ አራምዳለሁ፣ እርምጃቸውን እለካለሁ፣ አበቃ። እግሩ መስተካከል ያለበት ከሚያደርጉት ጫማ ጋር ነው፤ የታኮው ከፍታ ሁሉን ነገር ይለውጣልና። መጽሐፉም እንደዚያ ይላል። ስለዚህ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፣ ዋኒም በዓረብኛ ጻፈበት፦ «ለልኬት ስትመጡ ጫማ አድርጋችሁ ኑ።»

አድርገው መጡ። በተለይ ሴቶቹ አማረባቸው። ሮዳ የምትባለው፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ የለውዝ ቅቤ ትሸጥ የነበረች ሴት፣ ለመያዣ በቆሙት በሁለቱ ብረቶች መሃል ስትሄድ የትኛው እግሯ እንደተቆረጠ መለየት አቃተኝ። ቪዲዮውን ውጭ አገር ላለው አማካሪዬ ላክሁለት፤ «ግሩም ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከዚህ በፊት ከሱ ያገኘሁት ሁሉ ጥያቄ ብቻ ነበርና ያን ቀን መሬት አልበቃኝም። ጊዜዬ ግን እያለቀ ነበር። አንድ ጊዜ ተራዝሞልኛል፤ ሌላ አይራዘምም። ሐዋሳም ዲግሪውን ይዤ እንድመጣ የሚጠብቀኝ የመምህርነት ቦታ አለ።

መጨረሻ የመጣችው ሴት ስትራመድ እትዬ አስካለ መስኮቱ ጋ ቆማ ማሰሪያ ትሰፋ ነበር። ድንገት ሥራዋን ጥላ መጣች፤ ብረቶቹ መሃል ገብታ ተንበረከከችና የሴትየዋን እግር ያዘች።

«ምን ሆንሽ እትዬ? እየለካሁ እኮ ነው!»

«ዝም በል። ይቺን ጫማ የሰፋኋት እኔ ነኝ።»

ጥቁር ጫማ ናት፣ ታኮዋ አራት ጣት የሚሞላ። የውስጥ ማሰሪያዋ በቢጫ ክር ተሰፍቷል፤ ያን ሰሞን ጥቁር ክር አልቆባት ነበርና። የሰፋችው ደግሞ ለሌላ ሰው ነው። ቀና ብላ በጁባ ዓረብኛ «ዴ ቢታ ሙኑ?» አለቻት፤ የማን ናት ማለት ነው።

ሴትየዋ አቀረቀረችና «ቢታ ሜሪ» አለች።

ሜሪ በራችን ላይ ራኩባ በሚሉት ዳስ ሥር ሻይ የምታፈላ ሴት ናት። ተጠርታ መጣች፤ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ጥፋት ሠርቻለሁ የሚል ነገር ፊቷ ላይ አይታይም። «ወረቀታችሁ ጫማ ይላል» አለች፤ «ጫማ የሌላት ሰው እግር አታገኝም ማለት ነው? እኔ ተቀምጬ ሻይ ነው የማፈላው፤ ጫማ ምን ያደርግልኛል?» ለስንት ሰው እንዳዋሰች ስንጠይቃት በጣቷ ቆጠረች፦ ስድስት። የመጣልን የሴት ላስቲክ እግር ሁሉ አንድ ቁጥር ስለነበር ጫማዋ ለሁሉም ገባች፤ ደህናው እግራቸው ላይ የጠበባቸው ችለውታል፣ የሰፋቸው ጨርቅ ጎስጉሰውበታል። ከስድስቱ የመጀመሪያዋ ሮዳ ነበረች።

ወደ ቪዲዮዎቼ ተመለስኩ። ስድስቱም ላይ ቢጫው ክር አለ። እኔ ሳይ የኖርኩት ጉልበታቸውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስካለ «ተነስ፣ እግር ቤቱ እንሂድ» አለችኝ። ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነበራት፤ «እዚህ የሚራመድ እግር እንግዳ ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ቤቱ ነው» የሚል። ዋኒን ጨምረን ሦስታችን ጁባ ና ባሪ ሄድን፤ በእግር፣ እሷ ከፊት፣ እኔ በዚያ ሙቀት እየተነጫነጭኩ ከኋላ። ሮዳን ማንጎ ጥላ ሥር አገኘናት። በአንድ ምርኩዝ ዘላ ተነሳችልን። እግሯ የለም። የት ነው ስንላት ወደ ቤት ጠቆመችን፤ ግድግዳው ላይ፣ ንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቅሏል።

ሮዳ ስትናገር እትዬ አስካለ አማርኛውን ነገረችኝ፦ «ለናንተ ቀንና ለእሑድ ነው የማደርገው። እዚህ ሳደርገው ግቢው ሁሉ ዳገት ይሆንብኛል፤ ጉልበቴ ወደኋላ ይሄዳል።» ኮንዮ ኮንዮ መሄድ ከተወች ቆየች። በምርኩዝ የለውዝ ቅቤ ሳፋ ተሸክሞ ሚኒባስ መሳፈር የማይሆን ነገር ነው፤ ቦታዋን የወንድሟ ሚስት ይዛላታለች፣ እሷም ልትለቅላት አላሰበችም።

እትዬ አስካለ እግሩን አስደረገቻትና ባዶ እግሯን አስሄደቻት። በየእርምጃው ጉልበቷ ወደኋላ ይለጠጣል፤ ሮዳ ጥርሷን ትነክሳለች። ከዚያ እትዬ አስካለ ከመሬት የካርቶን ቁራጭ አንስታ አጠፈችና ተረከዙ ሥር በጨርቅ አሰረችው። ጉልበቱ ወዲያው ቀና። እግሩን ያስተካከልኩት ለሜሪ ታኮ ነበር፤ ለሮዳ አልነበረም። ሦስት ዓመት የተማርኩትን በአንዲት ካርቶን አሳየችኝ፤ እኔም እዚያ ማንጎ ሥር ቆሜ ያሰብኩት ስለ ሮዳ ጉልበት ሳይሆን ስለ መመረቂያ ጽሑፌ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

መንገድ ላይ ተጣላን።

«እንደገና ልካቸው» አለች።

«ሁለት ወር ይፈጃል። ያለኝ ሦስት ሳምንት ነው!»

«ስድስት ሰው ሁለት ወር?»

«እግራቸው ይስተካከል፣ ይልመዱት፣ ይለካ፣ ይጻፍ… እትዬ፣ አንቺ ይሄ አይገባሽም።»

ቆመች። ሰው ሲሰድባት ትቆማለች፤ ከዚያ ውጭ መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም። «ወረቀቱ ያንተ ነው፣ ጉልበቱ የነሱ ነው» አለች። «እሺ፣ አትለካ። ብሎኑን እኔና ዋኒ እየዞርን እናስተካክላለን። አንተ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ስድስቱ የተለኩት በአንድ በተዋሱት ጫማ ነው ብለህ ጻፍ። ከኋላህ የሚመጣው ኢንጂነር አንብቦ እንዳይሳሳት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ቀን ትፈጃለች?»

«እጽፋለሁ» አልኳት። እናቴን ጠርቼ ማልኩላት።

ጻፍኳትም። ሁለት ቀን ገጹ ላይ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ከላይ እስከ ታች ሳነበው ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ቆማ የቀረውን ሁሉ ታፈርሰዋለች። አሥራ አምስት ሰው ዘጠኝ ይሆናል፤ ግሩም የተባለችው ሮዳ ትወጣለች፤ ፈታኞቹ «እንደገና ለካ» ይሉኛል፤ ጊዜው ያልፋል፤ ሐዋሳ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ወንበሬን እየገፋሁ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ። በመጨረሻ ጣቴ አንድ ቁልፍ ነካና ጠፋች። በምትኳ ሌላ አጭር ነገር ጻፍኩ።

በዚያ ሰሞን እትዬ አስካለና ዋኒ ከሥራ በኋላ እየወጡ ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። ዋኒ ብሎን ይፈታል፣ እሷ ሴቶቹን ታራምዳለች፣ ትቆጣለች፣ እንደገና ያስራል። ነጠላ ጫማ ከሰው ሠራሽ እግር ላይ ስለሚወልቅ ለእያንዳንዳቸው ከኋላ ማሰሪያ ሰፋችላቸው። ከስድስቱ አንዷ ጋ ብቻ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ለሌሎቹ «እየጻፍኩ ነው» አልኩ፤ እሷም ምን እየጻፍኩ እንደሆነ የምታውቅ መስሏት አላስቸገረችኝም።

ጽሑፉን ልልክ አንድ ቀን ሲቀረኝ ቢሮዬ መጣች። እጇን በሽርጧ እየጠረገች «አሳየኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ዓረፍተ ነገሯን።»

እትዬ አስካለ አማርኛ አሳምራ ታነባለች፤ እንግሊዝኛ ግን አታውቅም። ስለ ጫማ የሚያወራው ገጽ አንድ ብቻ ነው፤ የጫማ ሥዕልም አለው። እሱን ከፈትኩላት። ያኔ ነው ወንበር ስባ የተቀመጠችው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። መነጽሯን ከኪሷ አውጥታ አደረገች፣ ሥዕሉን አየች፣ «ታኮዋን አሳጥረሃታል» ብላ ሳቀች።

«የትኛዋ ናት?»

ጣቴን አንዱ መስመር ላይ አደረግሁ። እኔ ሳነሳ እሷ የራሷን አስቀመጠች፤ በሰምና በክር የተሰነጠቀ ጣቷን ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቀስ አድርጋ አስኬደችው፤ ስፌት ስትፈትሽ እንደምታደርገው።

«አጭር ናት» አለች።

«አጭር ናት» አልኳት።

«ተባረክ። እንቅፋት አይምታህ።» ተነስታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጣቷ የሄደበት መስመር እንዲህ የሚል ነበር፦ ሁሉም ተሳታፊዎች የተለኩት በራሳቸው ጫማ ነው።

ተመረቅሁ። ከጁባ ስወጣ ጫማዬን ከእግሬ ላይ አስወልቃ የቀኙን ታኮ ቀየረችልኝ፤ ዋኒ መኪና እያስነሳ ሲጠራኝ እሷ ሚስማር እየመታች ነበር። «አሁንም ችኩል ነህ፤ ቢያንስ ቀጥ ብለህ ቸኩል» አለችኝ። ያን ጫማ እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እኔም ብዙ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ስቀመጥ ያቺ ጣት ትዝ ትለኛለች። ስንት ጊዜ ስልክ አንስቼ ልነግራት ፈለግሁ፤ ስታነሳው ስለ ሐዋሳ አየር አውርቼ ዘጋለሁ። ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን የዋኒን መልስ ልንገራችሁ። በምን ጫማ መጣች ስለው እንዲህ አለኝ፦ «ማማ የሰፋችላትን ሽብሽብ፣ ያቺን ነጠላ ጫማ፣ አድርጋ ነው የወጣችው። ግን ዝናብ ነበር፣ ጭቃው ሳበባት፤ አውልቃ በእጇ ይዛ መጣች። ባዶ እግሯን፣ ሁለቱንም። ምንም አላነከሰችም። ኮንዮ ኮንዮም ተመልሳለች፤ ለሐዘንተኛው የለውዝ ቅቤ በሳፋ ተሸክማ ነው የመጣችው።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ክፍል ተመለስኩ። ተማሪዎቼ የማስተምራቸው ነገር ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ሥዕል ከዚያው ከጽሑፌ የተገለበጠ ነው። አንዷ ከፊት የተቀመጠች ልጅ ሥዕሉን ከነመግለጫው አሳምራ ገልብጣዋለች። እትዬ አስካለ «ከኋላህ የሚመጣው ኢንጂነር» ያለችው ይቺን ልጅ መሆኑ ያኔ ገባኝ። «የጻፋችሁትን አትያዙት፤ ስህተት አለበት» አልኳቸው፤ ምን እንደሆነ መናገር ግን አቃተኝና ከክፍል ወጣሁ።

ለአማካሪዬና ለዩኒቨርሲቲው የምልከው ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዲግሪውን ሊወስዱት ይችላሉ። ይውሰዱት፣ ግድ የለኝም ብል ሌላ ውሸት ይሆናል፤ እፈራለሁ። ብቻ ነገ በእንግሊዝኛ እልከዋለሁ። ዛሬ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኳት፤ እትዬ አስካለ ጣቷን ብታስኬድባት ማንበብ በምትችለው ቋንቋ፦

ከአሥራ አምስቱ ሰዎች ስድስቱ የተለኩት በራሳቸው ጫማ አይደለም፤ በሜሪ ጫማ ነው።